ያለ እሳት የተቃጠለ ተራራ

ክረምት በገባ ቁጥር ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የማትጠፋ አንዲት ቃል አለች፤ «ድንገተኛ»። በድንገተኛ ጎርፍ ይህን ያህል ቤት ፈረሰ፣ ይህን ያህል ንብረት ወደመ፣ ይህን ያህል ነፍስ ጠፋ ይባልና ወደ ስፖርት ዜና ይታለፋል። ቃላትን እየበለትኩ ለተማሪ በማስረዳት ብዙ ዘመን እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝና ይህችን ቃል ዝም ብዬ ላሳልፋት አልቻልኩም። ምኑ ነው ድንገተኛው? ሐምሌ ከሰኔ ቀጥሎ እንደሚመጣ ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ መማር አያስፈልግም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛው የሚበልጠው በክረምቱ ወራት እንደሚወርድ አገር ያወቀው ነው። ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስም እስካሁን የተቃወመ ሰው አልሰማሁም። ታዲያ ወሩ የታወቀ፣ መንገዱ የታወቀ፣ የሚያርፍበት ደጃፍ ሳይቀር የታወቀ እንግዳ እንዴት ሆኖ ነው በየዓመቱ «ድንገተኛ» የሚባለው?

ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣለው ዝናብ ሰባት ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። ሰባት ሰው! በጠራራ ከተማ፣ አስፋልትና መብራት ባለበት አገር። ከዚያ በፊት፣ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ፣ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ከባዱ ዝናብ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ነበር፤ ድሬዳዋ ተኝታ ነበር። ከላይ የዘነበው ዝናብ ከታች የተኛውን ሰው እንደሚገድል ከዚያች ሌሊት የበለጠ ያስተማረን የለም፤ ትምህርቱን ግን ከሬሳው ጋር የቀበርነው ይመስለኛል።

«ድንገተኛ» የምትለዋ ቃል ሥራዋ ሌላ ነው። ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ትሠራለች። ፈረሰ፣ ጠፋ፣ ተወሰደ። ማን አፈረሰ፣ ማን አጠፋ የሚል የለም። ተማሪ እንዲህ ጽፎ ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ አሰምርበት ነበር፤ «ባለቤቱ የት አለ?» ብዬ።

እስቲ ባለቤቱን እንፈልገው። እኛ ጎፋ ነን፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከቄራ ወዲህ ከላፍቶ ወዲያ። በአቅራቢያችን በመካኒሳና በላፍቶ በኩል የሚወርደው ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ጥግ ይነሣል። ከሰሜንና ከምዕራብ የሚመጡትን ጅረቶች እየሰበሰበ፣ በኮልፌና በልደታ በኩል እየታጠፈ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። እኛን አልፎ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ አባ ሳሙኤል ይሄዳል። የእንጦጦና የወጨጫ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ እኛ ከዚያ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብለን ነው ያለነው። በሌላ አነጋገር ጎፋ ላይ የሚታየው ጎርፍ የጎፋ ጎርፍ አይደለም። ሲነሣ ያላየነው፣ ሲደርስ ብቻ የምናየው የላይ አገር ውሃ ነው። ከእኛ በታች ላሉት ደግሞ እኛው የላይ አገር ነን፤ ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እሳት ልሂድ። «ጎፋ ምን የደን እሳት አለ?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ።

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሁላችንም ልባችን ተንጠልጥሎ ነበር። ገበሬው በቅጠል እየመታ፣ አፈር እየበተነ ተዋደቀ፤ ከእስራኤል ሳይቀር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. በጋ የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ነው የጠፋው። በሁለቱም ጊዜ እሳቱ ሲጠፋ ካሜራው ተመለሰ፣ እኛም እፎይ አልን። የተራራው መከራ ግን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ጤነኛ ደን ዝናብን እንደ ክቡር እንግዳ ነው የሚቀበለው። ቅጠሉ የጠብታዋን ጉልበት ይሰብራል። መሬት ላይ የረገፈው ቅጠልና ሣሩ እንደ ሰፍነግ ይመጣታል። ሥሩና ነፍሳቱ የቦረቦሩት ቀዳዳ ደግሞ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ያሰርጋታል፤ ከወራት በኋላ ምንጭ ሆና ትወጣለች። እሳት ይህን ሁሉ ያነሣዋል። አመዱ የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከሚነደው ቅጠል የሚወጣው ሰም መሰል ነገር ደግሞ ወደ አፈሩ ወርዶ ይረጋና ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይሠራል። (ዕድሜዬን ስለ ሰምና ወርቅ ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ወርቁን ጎርፍ ወስዶት ሰሙ ብቻ የሚቀርበት ቅኔ ያየሁት ግን በተቃጠለ አፈር ላይ ነው።) ስለዚህ ከእሳት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ክረምት የሚወርደው ዝናብ አይሰርግም፤ እንዳለ ይንሸራተታል። አምና ምንጭ ያጎለበተው ዝናብ ዘንድሮ ገደል ይቆፍራል፣ አመዱንና ለም አፈሩን ጠርጎ ጅረቱ ውስጥ ይከታል፣ ጅረቱም በደለል ተሞልቶ ከቦታው ይወጣል። የዝናቡ መጠን ያው ነው። የተቀበለው መሬት ነው ሌላ የሆነው።

አሁን ጎፋ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ውጡና ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው መሐል አስፋልት። ከአስፋልቱ ዳር በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ፣ የመኪና ጎማ የደቀደቀው አፈር፣ እንደገና ቆርቆሮ። ጠብታዋን የሚሰብር ቅጠል የለም፣ የሚመጣት ሣር የለም፣ የሚያሰርጋት ቀዳዳ የለም። እሳት በሰሜን ተራሮች ላይ በጥቂት ሳምንት ያደረገውን እኛ በሃምሳ ስድሳ ዓመት፣ በባለሙያ ፕላንና በማኅተም አደረግነው። ከተማችን ያለ እሳት የተቃጠለ ተራራ ናት።

ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 5,000 ሊትር ውሃ ነው። በ200 ሊትሩ በርሜል ሃያ አምስት በርሜል መሆኑ ነው፤ ከአንድ ቤት፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። አንድ ሺህ እንዲህ ያለ ቤት ያለበት ሰፈር ሃያ አምስት ሺህ በርሜል ውሃ መንገድ ላይ ይደፋል ማለት ነው። አሸንዳው ውሃውን ከጣሪያ ሰብስቦ ወደ ደጅ ይተፋዋል፣ ደጁ ወደ መንገድ፣ መንገዱ ወደ ቦይ፣ ቦዩ ወደ ጅረት። ሁሉም «ከኔ ግቢ ይውጣልኝ» እንጂ የት ይድረስ አይልም። በዚያው ሳምንት እዚያው ቤት ቧንቧው ውሃ የለውም። ጣሪያው ላይ ሃያ አምስት በርሜል ውሃ አባርሮ ቢጫ ጄሪካን ይዞ ቦቴ የሚጠብቅ ሕዝብ ዓለም ላይ ስንት እንዳለ አላውቅም፤ አንዱን ግን አውቀዋለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ በቆርቆሮ ላይ መደፍደፍ ደግሞ ተገቢ አይሆንም፤ ተራራውም የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ገና በልጅነቷ ማገዶ አጥታ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሣት ደርሰው እንደነበር ይታወቃል። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በእርሳቸው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍን እንደ ወራሪ ጦር ከሚሰድቡት ጋር አልሰለፍም። ውለታ አለው። ችግሩ ከሥሩ ነው። የሚረግፈው ቅጠል መሬት ላይ አያድርም፤ ተጠርጎ ለምጣድ ማገዶ ይሆናል። ጀርባቸው እስኪጎብጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች ስንት ዓመት አየናቸው! በእነሱ ላይ ጣት የሚቀስር ሰው ካለ እንጀራው በምን እንደተጋገረ መጀመሪያ ይጠይቅ። መጥረጊያው በእነሱ እጅ ይሁን እንጂ ምጣዱ የእኛው ነበር። ለአፈሩ ግን ማን ጠረገው ልዩነት አያመጣለትም፤ ዛፉ ቆሞ መሬቱ ራቁቱን ከቀረ ከእሳት የማይተናነስ ጉዳት ነው።

እንዲህ ሆኖ እንዲቀር ያስገደደ ሕግ አለመኖሩን ደግሞ እዚያው ተራራ ላይ ማየት ይቻላል። ትንሹ አቃቂ የሚነሣበት ወጨጫ በሌላው ጎኑ የመናገሻ ሱባን ደን ተሸክሟል፤ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለበት ይነገራል። አንድ ተራራ ነው፤ በአንድ ወገን ጥድና ኮሶ፣ በእኛ ወገን ቦረቦርና ቆርቆሮ። እንጦጦ ላይም የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ዛፎች ለመተካት ብዙ ደክሟል። የጉለሌ እፅዋት ማዕከልም 705 ሄክታር ይዞ እዚያው አለ። እነዚህን ሥራዎች ስንቶቻችን የጎፋን ጎርፍ የሚቀንሱ ሥራዎች አድርገን ቆጥረናቸው እናውቃለን? እንደ ሽርሽር ቦታ ነው የምናያቸው።

ይህን ያህል ካልኩ በኋላ ወደ ማስዋብ ልምጣ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተነገረን። በግንቦት ወር ደግሞ ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት እራት ተበላ። እኔ እራቱን አልነቅፍም፤ ከሀብታም ኪስ ለወንዝ ገንዘብ መውጣቱ በታሪካችን ያልተለመደ ነገር ነው። ወንዝ ዳር የእግር መንገድ መሠራቱን፣ ልጆች ሣር ላይ መንከባለላቸውን፣ ጀርባችንን ሰጥተነው የኖርነውን ውሃ ፊት ለፊት ማየት መጀመራችንን አልነቅፍም። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ ስም የተሠሩት የወንዝ ዳርቻዎችም ከቀድሞው የቆሻሻ ቁልል ይሻላሉ፤ አይሻሉም የሚል ሰው ቁልሉን አላሸተተውም።

ጠቤ ከቃሉ ጋር ነው። ማስዋብና ማዳን አንድ አይደሉም። የታመመ ሰው ኩል ቢኳል፣ ጥፍሩን ቀለም ቢቀባ ያምርበት ይሆናል፤ አልዳነም። ጅረትን በድንጋይና በሲሚንቶ ግንብ ግራና ቀኝ አጥረን ቀጥ ስናደርገው ምን እንደምናደርግ የሃይድሮሊክስ መሐንዲስ ሁሉ ያውቃል፦ ውሃው ይፈጥናል። የሚጠማዘዝበት፣ የሚያርፍበት፣ ደለሉን የሚጥልበት፣ በክረምት ሞልቶ የሚተኛበት ሜዳ ይወሰድበታልና ያለ የሌለ ጉልበቱን ይዞ ወደ ታች ይበራል። ግንቡ የተሠራለት ሰፈር «ተገላገልን» ይላል። ግንቡ ያለቀበት ቦታ ላይ ያለው ሰፈር ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት በዜና ይሰማል፤ «ድንገተኛ» ተብሎ። ወንዙን ከላይ ጀምረን ሳንይዝ ከመሐል ጀምረን ከገነባን ጎርፉን ለጎረቤት ነው የምንሸጠው። በዚህ ሽያጭ ውስጥ ጎፋ ከገዢዎቹ ወገን ናት።

የወንዝ ውበት ሲነሣ የሚጠቀስ አንድ የውጭ ምሳሌ አለ፤ የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ከላዩ የተሠራበትን የድልድይ መንገድ አፍርሳ እንደገና ወደ ብርሃን ያወጣችው የቾንግየቾን ጅረት። በእርግጥም ያማረ ሥራ ነው፤ የተደፈነ ወንዝ መክፈት ድፍረት ይጠይቃል። ግን በዚያ ጅረት ውስጥ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተሳበ የሚለቀቅ ነው። ሴኡል ለዚያ የሚሆን መብራትም ገንዘብም አላት። እኛ ደግሞ በጋ ላይ ጅረቱን በፓምፕ ልንሞላ፣ ክረምት ላይ በግንብ ልንገታ ነው? ተራራው በነጻ የሚሠራውን ሥራ ለጄኔሬተር ልንሰጥ?

«ዋናው ችግር ወንዝ ዳር ቤት የሠሩት ሰዎች ናቸው» የሚል ክርክር ደጋግሞ ይሰማል። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ በስላይድ የሚቀርብ ክርክር ነው። እስቲ እንየው። ወንዝ ዳር መኖር አደገኛ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ሰው ከውሃ መንገድ ላይ መነሣት አለበት፤ እሱም አያከራክርም። ግን የጎርፉን መጠን የወሰነው ማነው? ወንዝ ጠርዝ ላይ በጭቃና በላስቲክ የተጠጉት ጥቂት ጎጆዎች ናቸው ወይስ ከእነሱ በላይ ዳገቱን ሁሉ የሸፈኑት ቆርቆሮዎች? ድሃው ውሃ ዳር የሄደው ፉፏቴ ሊያይ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ዋጋ ተለጥፎበት ስለጠበቀው ነው። በሚኖርበት ቦታ ከሥራው፣ ከእድሩ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይነጠል የሚኖርበት ቤት ይሰጠውና ይነሣ። እሱ ተነሥቶ ቦታው ላይ ሲሚንቶ የለበሰ አደባባይ ከተሠራ ግን ጅረቱ ምን አገኘ? ከቆርቆሮ ወደ ንጣፍ ድንጋይ ተዛወረ እንጂ ለውሃው ያው ነው።

ደግሞ ገዜ ጎፋን አንርሳ። ስሟን የምንጋራት ሩቅ ዘመዳችን ናት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ሰው ሲቀብር፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡትን ጎረቤቶች ሁለተኛው ናዳ ደረበባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እዚያ የሞቱት አብዛኞቹ ሌላ ሰው ሊያድኑ አካፋና እጃቸውን ይዘው የሄዱ ናቸው። ለወገኑ የሚሞት ሰው አላጣንም። ያጣነው ከዝናቡ በፊት ሄዶ ዳገቱን የሚያይ ሰው ነው።

ስለ ጎርፉ ብዛት ይህን ካልኩ ስለ ቆሻሻውም ልበል፤ እዚህ ላይ ግን ጅራፉ ወደ ራሳችን ይዞራል፤ ወደ ተማርነው፣ ግንብ አጥር ወዳለን። ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ በሌሊት የመጸዳጃ ጉድጓዱን ቱቦ ከፍቶ በጎርፉ ላይ የሚለቅ ማነው? የላስቲክ ቤት ነዋሪ የሚለቀው ጉድጓድ የለውም። ባለ ፎቁ ነው፤ የመምጠጫ መኪና ኪራይ ላለመክፈል። በማግሥቱ ክራቫቱን አስሮ ስለ ሥልጣኔ ያወራል። ፋብሪካው ደግሞ የራሱን ይጨምርበታል። በትንሹ አቃቂ ዳር፣ ከቄራ እስከ መካኒሳና ላፍቶ፣ በዚህ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ሲለማ ኖሯል። በአትክልቱና በአፈሩ ላይ በተለያየ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም አግኝተውበታል። በሌሊት የለቀቅነው በጾም ቀን በሰላጣ መልክ ገበታችን ላይ ይመለሳል። ከተማዋ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክልን የሚቀጣ ደንብ አውጥታ ሥራ ላይ አውላለች፤ ደግ አደረገች። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፌስታል የጣለ ሊስትሮ ተይዞ ቱቦ የቀበረ ባለ ፎቅ እንዳያመልጥ። ፌስታሉ በዓይን ይታያል፤ ቱቦው ከመሬት በታች ነው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ትላላችሁ። መልሱን ከሴኡል ማምጣት አያስፈልግም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ቦታ ተራራው ተራቁቶ ጎርፍና ደለል ወደ ታች ሲልክ ኖሮ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነዋሪው 2,728 ሄክታር ከልሎ ከብት አስወጣ። የሚያስገርመው አብዛኛውን አልተከሉትም። ከመሬት በታች በሕይወት የነበረውን ጉቶ እያበጠሩ፣ ቡቃያውን እየመረጡ አሳደጉት። አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው የትግራይ መንደርም እርከን ሠርታ፣ ክትር ደርድራ፣ ልቅ ግጦሽ ከልክላ የጉድጓዶቿ ውሃ ወደ ላይ እስኪመጣ ድረስ ተፋሰሷን አዳነች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጣት። በሁለቱም ቦታ ሥራው የተጀመረው ከላይ ነው። መጀመሪያ ዳገቱ፣ ቀጥሎ ቦረቦሩ፣ መጨረሻ ላይ ሜዳው። ትልቅ ግንብ አልተሠራም። ብዙ ትንንሽ ድንጋይ ነው የተደረደረው፤ ውሃው እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ ደለሉን እየጣለ እንዲወርድ። የተቃጠለ ተራራም የሚድነው እንዲህ ነው፦ የወደቀውን ግንድ በዳገቱ አግድም አስተኝቶ፣ ገለባና ሣር አልብሶ፣ ቦረቦሩን በክትር ከፋፍሎ፣ ከብትና ሰው ለጥቂት ዓመት አርቆ። ፎቶ የሚነሣበት ሥራ አይደለም። ሪባን የሚቆረጥበት ቦታም የለውም።

ችግኝማ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥሩ ይነገራል። ሕዝብ አካፋ ይዞ መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የማይወጣ ሕዝብም አይተናል። እኔ የምጠይቀው አንድ ሌላ ቁጥር ነው። በታኅሣሥ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ ከተተከለው ስንቱ ቆሟል? በሦስተኛው ዓመት ስንቱ? የትኛው ዳገት ላይ? ሐምሌ ላይ የቆጠረው ሰው ታኅሣሥ ላይ ለምን አይቆጥርም? ልጅ ስንት ወለድሽ እንጂ ስንት አሳደግሽ የማይባልበት አገር የት ነው?

ከላይ ያሉት እስኪሠሩ ድረስ ጎፋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ማለቴ አይደለም። እኛም ከላይ ነን ብያለሁ፤ ከእኛ በታች ላፍቶ አለ፣ ቃሊቲ አለ፣ አቃቂ አለ። መጨረሻው አባ ሳሙኤል ነው፤ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ እንደገና የተነሣው። የእኛ ደለልና የእኛ ሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ኮንዶሚኒየሞቻችን ሰፋፊ ጣሪያ አላቸው፤ በየብሎኩ ሮቶ ቢቆም ውሃው ለልብስና ለሽንት ቤት ይበቃል። ግቢያችንን ሁሉ በሲሚንቶ ማልበስ ግዴታ አይደለም፤ ግማሹ ሣር ቢሆን መኪናውም ይቆማል፣ ውሃውም ይሰርጋል። እድሮቻችን ለቀብር ድንኳን የሚያዋጡትን አቅም በዓመት ሁለት ቅዳሜ ለጅረቱ ዳር ቢያውሉት የሚከለክል ሕግ የለም። በሌሊት የቁፋሮ አፈር ጭነው መጥተው ጅረት ውስጥ የሚገለብጡ ገልባጭ መኪናዎች ደግሞ አሉ። ሾፌሩ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማ ያን ያህል ትልቅ መኪና እንዴት ሳይታይ ይሄዳል? ሱቅ በደረቴ የሚሸጠውን ልጅ ከአምስት መቶ ሜትር የሚያዩ ዓይኖች አሉን እኮ።

ሌላው የዲቹ ነገር ነው። በየዓመቱ ዝናብ ከጀመረ በኋላ፣ አንዳንዴም መንገዱ ላይ ውሃ ከተኛ በኋላ፣ ወጣቶች አካፋ ይዘው ዲች ሲጠርጉ ይታያሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ጭቃውን ያወጡታል። ያወጡትን ግን ከዲቹ ጠርዝ ላይ ይከምሩታል፤ የሚያነሣው መኪና «ነገ ይመጣል»። ነገ የሚመጣው ዝናቡ ነው። ጭቃውን መልሶ ዲቹ ውስጥ ይከተዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው ልጆች ያንኑ ጭቃ እንደገና ያወጡታል። ይህን ሥራ ሚያዝያ ላይ፣ መሬቱ ደረቅ ሳለ፣ መኪናው ከአካፋው ጋር አብሮ መጥቶ ቢሠራው ምን ያጎድላል? በጀቱ የሚለቀቀው መቼ ነው? አካፋውን የሚገዛውና መኪናውን የሚልከው መሥሪያ ቤት አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ በዓመት ስንት ጊዜ ይገናኛሉ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለፖለቲከኛ አላቀርብም፤ ለመሐንዲሶቹ ነው። ከወጨጫ እስከ አባ ሳሙኤል ያለውን ትንሹን አቃቂን እንደ አንድ ወንዝ የያዘ አንድ ካርታ አውጥተው በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጥፉልን። የት እንደሚሰርግ፣ የት እንደሚተኛ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወርድ ይጻፍበት። ከዚያ ወንዝ ዳር ግንብ ለመሥራት የሚመጣ ኮንትራክተር ካርታው ፊት ይቁምና አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ይህ ግንብ ካለቀ በኋላ ከላይ የሚመጣው ውሃ ከግንቡ በታች ያለችው ሴትዮ ደጃፍ ለመድረስ ከቀድሞው በስንት ደቂቃ ይቀድማል?